ወንድሜ የሚገዛው ቤት ቆጥ አለው?

ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ቤት ሊገዛ ነው። ደሴ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ "ቆጥ አለው?" ሳቅን። ቆይቶ ግን ጥያቄዋ ልክ ሆነ።

አንደኛው አማራጭ "ማኑፋክቸርድ" የሚሉት ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ነው የሚሠራው። ከሥሩ የብረት ሻሲ አለው፤ በመኪና ተጎትቶ ይመጣል። መንገድ ላይ ከፍታው ስለሚገደብ ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለችው ጠባብ ክፍተት የብርድና የሙቀት መከላከያው ቦታ ናት። ሻንጣ ልጫንባት ቢል ኮርኒሱ ይጎብጣል።

"ሞዱላር" የሚባለው በየአካባቢው የግንባታ ደንብ ተሠርቶ ቋሚ መሠረት ላይ ያርፋል። ጣሪያው በማጠፊያ ተጣጥፎ መጥቶ ቦታው ላይ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሾል ያለ ጣሪያ ይቻላል፤ ከሥሩም የዕቃ ቦታ፣ ካሰቡበትም መኝታ ክፍል ይወጣል። ግን ቀድሞ መታዘዝ አለበት። ወለሉ ክብደት እንዲችል፣ ደረጃውም የት እንደሚወጣ ፋብሪካው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ብሩም ጠንከር ይላል።

እርጥበት ሁለቱንም ያስቸግራል። የደሴ ቆርቆሮ በብርድ ሌሊት እንዴት እንደሚያልበው እናውቃለን። እዚያም የቤቱ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ውሃ ይሆናል። አየር መውጫውን በዕቃ መድፈን አይገባም።

እኔ ብሆን፣ ልጆች ላሉት ሰው ሞዱላሩን እመርጣለሁ። ወንድሜ ግን ላጤ ነው። ርካሹን ገዝቶ ግቢው ውስጥ ትንሽ የዕቃ ቤት ቢያቆም ይበቃዋል።