የተሸረፈችው ሲኒ፦ ለአንድ የቴአትር አሰልጣኝ ምስጋና

ጤና ይስጥልኝ የጅማ ወላጆችና መምህራን። በተለይ የትምህርት ቤት ክበብ የምትመሩ፣ ዛሬ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ አጥብቆ ለምኖኛል፤ «ሥራውን የሠሩት ልጆቹ ናቸው» ባይ ነው። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ እኔ ልናገር።

ከፈረንጅ አራዳ ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ፤ የድራማ ክበቡንም «አንተ ትችላለህ» ተብዬ ከያዝኩት ቆይቻለሁ። የዘንድሮው የወላጆች ቀን ድራማ ስለ መናናቅ፣ ስለ ጭቆናና ስለ ጓደኝነት እንዲሆን ተወሰነ። እንደ ልማዳችን አንድ ጎበዝ ተማሪ ጽሑፍ አዘጋጀ፤ አሥራ አንድ ገጽ። የጥጥ ጢም የለጠፈ ክፉ ሀብታም አለ፣ የሚያለቅስ ደሃ አለ፣ በመጨረሻ ፖሊስ ይመጣል፣ ሁሉም ተሰልፎ «ጭቆና ይብቃ!» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚህ የተሻለ አልጠበቅሁም። አሰልጣኙን የጠራሁት ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲናገሩ እንዲያለማምድልኝ ብቻ ነበር።

አሥራ አንዱንም ገጽ ሳያቋርጥ ሰማ። ሲያበቃ «ከእናንተ መካከል ይህን ሀብታም የሚያውቀው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። «እንግዲያውስ የምታውቁትን እንሥራ» አለና ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ጀመረ።

ለሁለት ሳምንት አንድም ቃለ ተውኔት አላስነገራቸውም። ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አንዱ ሌላውን እንደ ጭቃ እየጠፈጠፈ ሐውልት ያደርገዋል፤ የተናቁበትን ቀን በእጅ፣ በአንገት፣ በዓይን አቀማመጥ ብቻ ያሳያሉ። ቀጥሎ ሐውልቱን በሦስት እንቅስቃሴ ወደሚፈልጉት መልክ ይለውጡታል። ርእሰ መምህራችን አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብለው «እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው የደረቁት?» ብለውኛል። እኔም ምን ብዬ እንደምመልስ ገና አላወቅሁም ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጅማ ውስጥ ተሁኖ ከቡና የሚያመልጥ ድራማ የለምና፣ ልጆቹ የቡና ጠጪ ጎረቤቶችን ትዕይንት በራሳቸው እየፈጠሩ ነበር። የተሰጣቸው አንድ መረጃ ብቻ ነው፦ ከእንግዶቹ አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በዚያ ቀን አስተናጋጇን የምትጫወተው ተማሪ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹን ደረደረች፤ አንዷን ጫፏ የተሸረፈችውን ግን ለይታ ዳር አኖረቻት። ቡናው ሲቀዳ ያቺ ሲኒ ሄዳ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ፊት ተቀመጠች።

አሰልጣኙ አጨበጨበና አስቆማቸው። «ይህቺን ሲኒ ለይተሽ አስቀምጪ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «አያቴ እንዲህ ነው የምታደርገው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ ሁሉም የየአያቱን ረከቦት እያሰበ እንደነበር ፊታቸው ላይ ይታያል። ጀበናውን እንደ ዓይን ብሌን እንይዘዋለን፣ የሠራችውን ሴት ግን በተሸረፈ ሲኒ እናጠጣለን። በአካባቢያችን በሸክላ፣ በቆዳና በብረት የሚተዳደሩ ሰዎች ከደጅ እየተስተናገዱ፣ ለጋብቻም እየተሸሹ መኖራቸውን የማያውቅ አዋቂ የለም። ልጆቹም ያውቁ ኖሯል፤ ብቻ ይህ ነገር «ጭቆና» እንደሚባል የነገራቸው አልነበረም።

እኔ መምህር አይደለሁ፣ ወዲያው ትምህርት ጀመርኩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን ተረክሁ። አሰልጣኙ በአክብሮት አዳመጠኝና ወደ ልጆቹ ዞሮ «አዋጁ ሲኒዋ ጋ ለምን ሳይደርስ ቀረ?» አለ። ድራማው የተወለደው ከዚህች ጥያቄ ነው።

አሁን ይህን ሰው ለምን እንደምጠቁም ላስረዳ። ከተማሪዎቻችን አንዷ እናቷ ገበያ ላይ ሸክላ ትሸጣለች። የድሮው እኔ ብሆን «እንደ እውነቱ ይምጣ» ብዬ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ አስጫውታት ነበር። እሱ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ አስቀምጦ ነበር፦ ማንም የገዛ ቁስሉን መድረክ ላይ እንዲያሳይ አይጠየቅም፤ የፈለገ የፈለገውን ገጸ ባሕርይ ይመርጣል። ልጅቷ ምን መረጠች? አስተናጋጇን። ትዕይንቱ ላይ ጀበና ስትገዛ በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ ድምፁን የምታዳምጥበት፣ አፏን አጣማ ዋጋ የምታጣጥልበት፣ ገንዘቡን እጅ ላለመንካት መሬት ላይ የምታኖርበት አኳኋን፣ እናቷ ጎን ተቀምጣ ዓመታት ካላየችው በቀር ማንም ሊያስተምራት አይችልም። እሷን ካየን በኋላ የጥጥ ጢሙ ትዝ ያለው ሰው የለም።

ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። ልጆቻችን አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያቀላቀሉ ነው የሚውሉት፤ አሰልጣኙም በመጣላቸው ቋንቋ እንዲናገሩ ተወ። ነገር ግን በየልምምዱ ቋንቋውን ያገላብጥ ነበር። ዛሬ አስተናጋጇ በአማርኛ ከተናገረች ነገ በአፋን ኦሮሞ ትናገራለች። አንድ ተማሪ ምክንያቱን ሲጠይቀው «ንቀት የአንድ ቋንቋ ሰው ብቻ እንዳይመስል» አለው። ይህን እኔ በሕይወቴ አላስበውም ነበር፤ እዚህ አገር ድራማ ለሚያሠራ ሁሉ ግን ከመብራትና ከመጋረጃ በፊት የሚያስፈልግ ጥንቃቄ ይመስለኛል።

በዚህ መሐል አስተዳደሩ ሰጋ። «ሰው ይቀየማል፤ ገጸ ባሕርያቱን ለምን እንስሳት አታደርጓቸውም?» የሚል ሐሳብ መጣ። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ መሆኑን፣ አውሬ ቢያናግሩም ከመታገድ እንዳላመለጡ አስታወስኩና ለብቻዬ ሳቅሁ። ደግነቱ አሰልጣኙ ራሱ ገብቶ በትዕግሥት አስረዳቸው፤ ነገሩ እንደ ሰው ሆኖ ቀጠለ።

የጓደኝነቱ ክፍል ከሁሉም አስቸጋሪ ነበር። ቡናው ላይ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የልብ ጓደኛ አብራ ተቀምጣለች፤ የተሸረፈችዋን ሲኒ ታያለች፤ ዝም ትላለች። ልጆቹ ወዲያው ተቃቅፈው እንዲታረቁና ዘፈን እንዲገባ ፈለጉ። «መጀመሪያ ዝምታዋን እንያት» አላቸው። ጓደኛዋ ዓይኗን ሲኒው ላይ ጥላ፣ ቀሚሷን እያስተካከለች፣ ፈንዲሻ እያነሳች የምታሳልፈውን ጊዜ ደጋግመው ተለማመዱ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዘፈኑ ያነሳ አልነበረም።

ድራማው እዚያው ዝምታ ላይ ተቋረጠ። ወላጆች ያለቀ መስሏቸው ሲያጨበጭቡ አሰልጣኙ ብድግ ብሎ «ትዕይንቱ እንደገና ይጀመራል፤ ‹እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም› የሚል ‹ቁም!› ይበልና መጥቶ ይተካ» አላቸው። ዘዴው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበረው የተጨቋኞች ቴአትር መሆኑን በኋላ ነግሮኛል። ተመልካችና ተዋናይ የሚያገናኘው ሰው እንደ ካርታዋ «ጆከር» ይባላል፤ የማንም ወገን አይደለም፣ መልስም አይሰጥም፣ ብቻ «ይህ ይሆናል? አይሆንም?» እያለ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ የተነቃነቀ የለም። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት «ቁም!» አሉና ወጡ። የጓደኛዋን ቦታ ያዙ። ሲኒዎቹ ሲታደሉ ፈጠን ብለው የተሸረፈችዋን አነሡና የራሳቸውን ንጹሕ ሲኒ ለልጅቷ ሰጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አስተናጋጇ ግን ከገጸ ባሕርይዋ ፍንክች አላለችም። «ውይ እትዬ፣ እርስዎማ በዚህች አይጠጡም!» ብላ በታላቅ ትህትና ሲኒዋን ከእጃቸው ተቀበለች፤ ሌላ ንጹሕ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ የተሸረፈችዋንም መልሳ ልጅቷ ፊት አኖረች። ሴትዮዋ ንጹሑን ሲኒ ይዘው ቀሩ። መልስ አጡ። ከኋላ አንድ አዛውንት «እንዲህ ናት እንጂ! በቀላሉ የምትለቅ መስሏችኋል?» ብለው ጮኹ፤ ክርክሩ ተጀመረ። ሰባት ሰው ወጣ፤ አንዱም ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም፤ ሰዓቱ አልፎ ጥበቃው ቁልፉን እያንሿሿ እስኪመጣ ድረስ ማንም አልተነሣም።

ምስጋናዬን እዚህ ላድርስ። ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ መልስ ለመጣው፣ የከፈልነውም ከባጃጁ ብዙ ለማይተርፈው ወጣት፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ልጆቹም «ጋሼ መቼ ይመጣል?» እያሉ እኔን እረፍት ነስተውኛል።

ለምትፈልጉት፦ የሚጠይቀው ዴስኮቹ የሚነሡለት ሰፊ ክፍልና ከሃያ አምስት የማይበልጡ ልጆችን ነው። የተጻፈ ድራማ አምጡ አትበሉት፤ አያመጣም። ትርኢቱ ሁለት ሳምንት እስኪቀረው ድረስም ምንም የሚታይ ነገር አይኖርም፤ የሚሰጋ አለቃ ካላችሁ አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ፈቃዱን ስለሰጠኝ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ ስልኩን እልካለሁ። አንድ ጉድለት አለበት፤ በሰዓቱ አይደርስም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ደመና ካያችሁ ግማሽ ሰዓት ጨምራችሁ ጠብቁት።