በሃይላንድ ተቀድቶ «ኤፖክሲ» ተብሎ የሚሸጠውን እንዳትገዙ

ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ እንጨት የምትቀርጹ ሁሉ! አንዳንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች በሃይላንድ ቀድተው «ኤፖክሲ ነው፣ ነሐስም ቀንድም ያጣብቃል» እያሉ የሚሸጡት አለ። ኤፖክሲ ሬዚን የሚባለው ወፍራም ፈሳሽ ከማድረቂያው ጋር ተደባልቆ የሚጠነክር ሙጫ ነው። ርካሽነቱ ያጓጓል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይበር ግላስ የሚሠራበት ፖሊስተር ሬዚን ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ፖሊስተር ገና ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ የኤፖክሲ ሬዚን ሽታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የማያሳስተው ምልክት ማድረቂያው ነው፤ ፖሊስተር ለ100 ግራም 1 ወይም 2 ግራም ይበቃዋል፣ ኤፖክሲ ግን ብዙ ማድረቂያ ይፈልጋል፣ እንደ ዓይነቱ ለምሳሌ 1 ለ 1 ወይም 2 ለ 1 ይደባለቃል። ሻጩ «ጥቂት ጠብታ ጣል አድርግበት» ካላችሁ ትታችሁት ውጡ።

ፖሊስተር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረት ላይም አጥብቆ አይዝም። እንጨቱ ላይ ያጣበቃችሁት የነሐስ ቀለበት የያዘ ይመስልና በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይግላል፣ ሙጫው ይለቃል፣ የሚሽከረከረው ቀለበት ወደ ፊታችሁ ይወረወራል። የፊት መከላከያ ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት።

ውስጡ እውነተኛ ኤፖክሲ ቢሆን እንኳ የመደባለቂያ ምጣኔው ያልተጻፈበት ጠርሙስ ዋጋ የለውም። «ማድረቂያ ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል» የሚሉት ለኤፖክሲ አይሠራም፤ ከልኩ ካለፈ ለስላሳና የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል።

በምትኩ የሚያቀርቡላችሁም አያዋጣም። ነጩ የእንጨት ኮላ የሚደርቀው ውኃው እንጨት ውስጥ ሲሰርግ ስለሆነ ነሐስ ላይ ይላጣል። ማስቲሽ ሙቀት ሲያገኘው ይንሸራተታል። ሱፐር ግሉ ለትንሽ ጌጥ ይሆናል፣ ዕቃው ከወደቀ ግን ይሰነጠቃል።

ፋብሪካው ያሸገውን፣ ምጣኔና የመጠቀሚያ ጊዜ የተጻፈበትን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ግዙ። በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ኤፖክሲ ሙቀት አይችልም። ነሐሱን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፣ በአሴቶን (ቅባት የሚያጸዳ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ) ጥረጉ፣ ከዚያ በጣት አትንኩት። ወይራ ዘይታም ስለሆነ እሱንም በአሴቶን ጠርጋችሁ አሴቶኑ እንደተነነ ወዲያው አጣብቁ። በሞርሳ ስትይዙ አታጥብቁ፤ ሙጫው በሙሉ ተጨምቆ ከወጣ የሚይዝ ነገር አይቀርም። ቶርኖ ላይ ከመመለሳችሁ በፊት 24 ሰዓት ጠብቁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት፣ አንድ ቀንም ጨምሩለት።