እጃችሁን ከመሪው አንሱ፦ ባለ ሁለት ሞተር ጀልባ ስልጠና ወስጄ የታዘብኩት

ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ላይ ነበርኩ። መሬት ላይ ቆሜም ጉልበቴ ገና ይወዛወዛል። የወሰድኩት ባለ ሁለት ሞተር ጀልባን በዝግታ ማዞር፣ ማቆምና ማስነሳት የሚያስተምር አጭር ስልጠና ነው። «ይረባል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ሁሉንም አንዴ ልዘርግፈው። የምወቅሰውም ስላለኝ የድርጅቱን ስም ትቼዋለሁ።

ከመነሻዬ ልጀምር። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ጀልባ ለዓመታት ነድቻለሁ። ስመዘገብ ሁለተኛው ሞተር የጉልበት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይመለሳል፣ በቃ። ሁለተኛው ሞተር ዋናው መሪ እንደሆነ ያወቅኩት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ያውም እየተሳቀብኝ ነው።

አሰልጣኛችን በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። ከማቆሚያው ትንሽ እንደራቅን መሪውን መሃል ላይ አደረጉና ከኪሳቸው አጭር ገመድ አውጥተው ጥፍር አድርገው አሰሩት። «እስከ ምሳ ድረስ ይሄን የነካ በዋና ይመለሳል» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ጀልባ ሞተሮቹ ሆዱ ውስጥ ናቸው፣ መሪው የሚያዞረው ደግሞ ከኋላ ውሃ ውስጥ ያሉትን ክንፎች ነው። ክንፍ የሚሠራው ውሃ ሲሮጥበት ብቻ ነው። ወደ ፊት ስትሄዱ ፕሮፔለሩ፣ ሞተሩ ውሃ ውስጥ የሚያሽከረክረው መግፊያ ማለት ነው፣ ውሃውን ገፍቶ ክንፉ ላይ ስለሚለቀው ትንሽ ነዳጅ ስትሰጡት ይታዘዛል። ወደ ኋላ ስታስገቡ ግን የፕሮፔለሩ ውሃ ወደ አፍንጫው ስለሚሸሽ ክንፉ ባዶ እጁን ይቀራል። በዝግታ ወደ ኋላ እየሄዱ መሪ ማሽከርከር ውሃ ወቀጣ ነው፣ ቃል በቃል።

ሁለት ሞተር ሲኖር ግን ሁለቱ ፕሮፔለሮች ተራርቀው በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል። የግራውን ወደ ፊት፣ የቀኙን ወደ ኋላ ብታስገቡ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይጎትታል፣ ጀልባው እዚያው ቆሞ ወደ ቀኝ ይዞራል። ለማስታወስ ቀላል ነው፦ አፍንጫው ሁልጊዜ የሚዞረው ወደ ኋላ ወደሚጎትተው ሞተር ጎን ነው። 11 ሜትር ጀልባ ካለበት ሳይነቃነቅ 360 ዲግሪ ሲዞር ማየት ደስ ይላል። መሪው ታስሯል፣ እኛ ሁለት የማርሽ እጀታ ብቻ ይዘናል፣ ለየሞተሩ አንድ።

ተራዬ ደረሰ። የግራውን ወደ ፊት ጠቅ፣ የቀኙን ወደ ኋላ ጠቅ። መዞር ጀመረ። እኔም ኮራሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ መለማመጃ ብለው የጣሏት ቢጫ ተንሳፋፊ ኳስ አፍንጫዬ ስር ልትገባ ነው! እየዞርኩ ቀስ እያልኩ ወደ ፊት ሄጃለሁ። ፕሮፔለር የሚቀረጸው ወደ ፊት ለመግፋት ስለሆነ በተመሳሳይ ዙር ወደ ኋላ ሲጎትት አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ወይ የኋላውን ትንሽ ነዳጅ ትጨምሩለታላችሁ፣ ወይ የፊቱን እየመላለሳችሁ ኒውትራል ላይ ታሳርፉታላችሁ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ነዳጅ የማያስነካ ነገር ሁሉ ለጀማሪ ይሻላል።

እዚህ ላይ ስልጠናው በደንብ ያብራራውን አንድ ነገር ላንሳ፣ በአንድ ሞተር የለመደ ሰው በደንብ ይገባዋልና። ሞተሩን ወደ ኋላ ስታስገቡት ጭራው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ሹልክ የሚለው ነገር አለ አይደል? ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚመታው ነው። እኔ ለዓመታት የጀልባዬ አመል ነው ብዬ ስረግመው ኖሬያለሁ። በባለ ሁለት ሞተር ጀልባ ላይ ፕሮፔለሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሽከረከሩት፣ ከኋላ ሲታዩ የቀኙ እንደ ሰዓት ቆጣሪ፣ የግራው በግልባጩ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የጎን ግፊታቸው ይጣፋል። አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ስታደርጉ ደግሞ ይደመራል፣ ያውም ልትዞሩ በፈለጋችሁበት አቅጣጫ። በአንዱ ጀልባ የረገምኩት ነገር በሌላው ረዳት ሆኖ መጣ።

ከሰዓት በኋላው በሙሉ ትዕግሥት ነው። ሞተሮቹ ያለ ምንም ነዳጅ በደቂቃ ከ600 እስከ 700 ዙር ይሽከረከራሉ፣ ያ ብቻውን ጀልባውን በደንብ ይነዳዋል፣ እንዲያውም ለማቆሚያ አካባቢ ይበዛል። ስለዚህ ሥራው ጠቅ አድርጎ ማስገባት፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ ማውጣት፣ ከዚያ ዝም ብሎ ማየት ነው። ከባዱ ይሄ ዝም ብሎ ማየት ነው። ጀልባ ፍሬን የለውም፣ ያዘዛችሁትንም ወዲያው አይፈጽምም፤ ስለዚህ የማይቸኩል ሰው ሁለተኛ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ እኔ ግን ሦስተኛውን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። አንዴማ ደንግጬ የቀኙን እጀታ ከፊት በቀጥታ ወደ ኋላ ስቀረቅረው ከስር «ጓ!» አለና ሞተሩ ጠፋ። ልቤ ዱብ አለ። አሰልጣኙ ሞተሩን አስነሱልኝና «ኒውትራል ላይ ሳያርፍ ማርሽ የሚቀይር ሰው የማርሽ ሳጥን ሊገዛ ነው ማለት ነው» አሉ። አንድ ሰከንድ እንኳን ማረፍ በቂ ነው። አሁን በልቤ «አንድ» ሳልል አልቀይርም።

ወደ ኋላ መግባቱን ያስተማሩበት መንገድ ግን ከሁሉ በልጦብኛል። ጀርባችሁን ለመሪው ሰጥታችሁ ፊታችሁን ወደ ጭራው ታዞራላችሁ፣ እጆቻችሁ ወደ ኋላ ሄደው እጀታዎቹን ይይዛሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር የሚገፋ ጋሪ ይሆናል። ጋሪን በቀኝ እጅ ብትገፉ ፊቱ ወደ ግራ ይዞር የለ? ልክ እንደዚያው ነው። በቀኝ እጃችሁ ያለውን እጀታ ወደምታዩበት ስትገፉት ጭራው ወደ ግራችሁ ይሄዳል። ማሰብ የለም። አብራኝ የሰለጠነች አንዲት ልጅ፣ ጠዋት ሙሉ ግራና ቀኝ ተምታቶባት የነበረች፣ በዚህ ዘዴ በመጀመሪያ ሙከራዋ ጠባብ ቦታ ውስጥ እንደ መሳቢያ አስገባችው። ሁላችንም አጨበጨብን።

ወደ ጎን መሄድ የሚባለው ግን... በማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ ተጽፏል። መሪውን ወደ ቀኝ ጥግ ታዞራላችሁ፣ የቀኙ ሞተር ወደ ፊት፣ የግራው ወደ ኋላ። ክንፉ ጭራውን ወደ ግራ ይገፋዋል፣ ሞተሮቹ አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞሩታል፣ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ጀልባው ወደ ግራ ጎኑ እንደ ሸርጣን ይሄዳል። በወረቀት ላይ። እንደኛው ባለ ዓይነት ጀልባ ላይ፣ ፕሮፔለሮቹ ወደ ውጭ የሚሽከረከሩበት ላይ ማለት ነው፣ ያ ቅድም ያመሰገንኩት የጎን ግፊት እዚህ ይቃወማችኋል። አሰልጣኙ ራሳቸው ላብ በላብ ሆነው ቢበዛ ሁለት ሜትር ሄዱ። እኔ ዞርኩ እንጂ አልሄድኩም። ለዚህ ብላችሁ እንዳትመዘገቡ።

በሁለተኛው ቀን ነፋስ መጣ፣ እውነተኛው ትምህርትም ያኔ ጀመረ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጀልባውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፣ ይሄ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ተቸክሎ ቀርቷል። አፍንጫው ከፍ ያለና ውሃ ውስጥ የገባው ትንሽ ስለሆነ ነፋስ ቀድሞ የሚወስደው እሱን ነው። ስለዚህ ወደ ማቆሚያ ስትጠጉ ከነፋስና ከውሃ ፍሰት የበረታውን ፊት ለፊት መግጠም ይሻላል፣ እሱ ፍሬን ይሆናችኋል። እኔ ነፋሱን ከጀርባ አድርጌ ገባሁና ማቆሚያውን በጎን መከላከያ ኳሶቹ ሳምኩት። ኳሶቹ ሥራቸውን ሠሩ፣ ኩራቴ ግን ተላጠ።

ነፋስ ጀልባውን ማቆሚያው ላይ ሲያጣብቀው ለመውጣት የሚጠቀሙበትን ዘዴ ግን በደንብ ተማርኩ። ከአፍንጫው ተነስቶ በማቆሚያው በኩል ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ገመድ ብቻ ትታችሁ ሌላውን ትፈታላችሁ፣ አፍንጫው ጋ መከላከያ ኳስ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ ከማቆሚያው ራቅ ያለውን ሞተር በዝግታ ወደ ፊት። ገመዱ ጀልባውን ወደ ፊት አያስሄደውም፣ ስለዚህ ጭራው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይከፈታል። በቂ ሲከፈት ገመዱን ለቃችሁ ወደ ኋላ መውጣት ነው። የፈታችሁት ገመድ ግን ውሃ ውስጥ እንዳይቀር፣ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ቀኑ እዚያ ላይ አበቃ።

በጣም የወደድኩት ሰዓት አንዱን ሞተር ያጠፉብን ጊዜ ነው። ሳይነግሩን። የቀኙ ብቻ ሲሠራ ጀልባው ወደ ፊት ወደ ግራ ይሸሻል፣ ስለዚህ መሪውን ወደ ቀኝ መያዝ ግድ ነው። አዎ፣ ያኔ መሪው ተፈቶልን ነበር። ወደ ኋላ ስትሉት ደግሞ ጭራው ወደ ግራ ይሄዳል፣ መሪውም አያድናችሁም። በጠፋው ሞተር በኩል መዞር ቀላል ነው፣ በሚሠራው በኩል መዞር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ውሃ መሃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከማወቅ ከአሰልጣኝ ጋር ማወቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በአንድ ጀልባ አራት ሰልጣኝ ነበርን። ከሁለቱ ቀን እጀታውን የያዝኩበት ሰዓት ቢደመር ሩብ ያህል ነው፣ የቀረው የሌላ ሰው ስህተት ማየት። ከሌላው ስህተት ይማራል ይባላል፣ ይሁን፣ ግን እጅ በማየት አይማርም። ሁለተኛ፣ የቀኙ እጀታ ያረጀ ነው። ኒውትራል ላይ ሲያርፍ መሰማት ያለበት ጠቅታ ጠፍቶበታል። ሁለት ቀን ሙሉ «ጠቅታውን በእጃችሁ አዳምጡ» እየተባለ ጠቅታ የሌለው እጀታ መስጠት ምን ይባላል? ለቢሮው ስነግር «አዎ፣ እናውቃለን» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ሦስተኛው ከጀልባው ውጭ ጀርባ ላይ ስለሚሰቀሉ ሞተሮች ነው፣ የአብዛኛው ሰው ጀልባ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው፣ የተሰጣቸው ጊዜ ግን አምስት ደቂቃ። እነሱ ላይ ነገሩ ይለያል። ሞተሩ ራሱ ከነፕሮፔለሩ ስለሚዞር ወደ ኋላም ስትሄዱ መሪው ይሠራል፣ በሌላ በኩል ሁለቱ ሞተሮች ተጠጋግተው ስለሚሰቀሉ አንዱን ፊት አንዱን ኋላ አድርጎ ማዞሩ ይዳከማል። ያንን ለማስተማር ሌላ ጀልባ ያስፈልግ ነበር።

ጆይስቲክም፣ ጀልባውን በአንዲት ዱላ የሚነዱበትን፣ አስሞከሩን፣ በሌላ ጀልባ ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት። የጀልባ ሞተር ሠሪው ቮልቮ ፔንታ አይፒኤስ ከሚላቸው ሞተሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያመጣው ዓይነት ነው፤ ዱላዋን ወደ ጎን ስትገፏት ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ሞተር ለብቻው አዙሮ ጀልባውን ወደ ጎን ይወስደዋል። ያ አሰልጣኙን ላብ ያስጠመቀ ሁለት ሜትር በአንድ ጣት ተሠራ። ጉድ ነው። ግን ነፋሱን ኮምፒውተሩ አያይላችሁም፣ ዱላዋ ብትበላሽም የሚቀሩላችሁ እነዚያው ሁለት እጀታዎች ናቸው። አንድ ሰልጣኝ ከወረደ በኋላ «ታዲያ ሁለት ቀን ምን እናደርግ ነበር?» አለ። እኔ በተቃራኒው ነው የተሰማኝ፣ ዱላዋ ምን እያደረገች እንደሆነ የገባኝ እጀታዎቹን ስለያዝኩ ነው።

ከአምስት ልስጥ ካላችሁኝ አራት። አምስተኛውን የወሰደው የቀኙ እጀታ ነው። በአንድ ሞተር ለምዳችሁ ወደ ሁለት የምትሸጋገሩ ከሆነ ውሰዱት፣ ከዓመታት ልማድ የሚያላቅቃችሁ ያ መሪ ላይ የታሰረ ገመድ ነው። ለዓመታት ሁለት ሞተር የነዳችሁ ግን ነፋስ ያለበትን ሁለተኛውን ቀን ለብቻው መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ስትደውሉ ደግሞ በአንድ ጀልባ ስንት ሰው እንደሚጫን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ከሁለት በላይ ካሉ ሌላ ቀን ፈልጉ። የቀኙን እጀታ ነገርም አደራ፣ ጠቅ ይል እንደሆነ ሳትጠይቁ ስልኩን እንዳትዘጉ።