«ድብና አጋዘን በጋራንቲ» ለሚላችሁ ሰው ዲፖዚት አትላኩ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉት የሐበሻ የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ማስታወቂያ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። የሦስት ቀን አደን በጆርጅ ዋሺንግተን ናሽናል ፎረስት፤ ድብና አጋዘን «በጋራንቲ»፤ ላይሰንሱ፣ ጠመንጃው፣ ድንኳኑ ሁሉ ተካቶ በነፍስ ወከፍ 1,850 ዶላር፤ ግማሹ ቅድሚያ በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክ ገንዘብ። ሥጋውን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ «የአጋዘን ቅርጫ» አለ፣ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ቤት ድረስ ይመጣል ተብሏል። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም አይጠቅማችሁም፣ በየወቅቱ ሌላ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። የምጽፈው ስለ ስምምነቱ ነው። አትግቡበት።

ጊዜውን አስልቶ መምጣቱን ግን አደንቃለሁ። የቨርጂኒያ የአጋዘን የጠመንጃ ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ የኛ ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በመሀል ያለችው አንድ ሳምንት ገደማ ናት። «ቶሎ ካልከፈላችሁ ቦታው ያልቃል» ሲል ሰው የሚቸኩለው ለዚህ ነው።

ቦታው አያልቅም። ሊያልቅም አይችልም፣ የእሱ አይደለምና። ጆርጅ ዋሺንግተንና ጄፈርሰን የሚባሉት ሁለቱ ደኖች በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነው ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር የሚሰፋ የሕዝብ መሬት ናቸው፤ አብዛኛው ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሆን ጫፉ ዌስት ቨርጂኒያና ኬንታኪ ይደርሳል። አዳኝ እዚያ ለመግባት ከመደበኛው የአደን ፈቃድ በተጨማሪ የሚከፍለው የናሽናል ፎረስት ፐርሚት 4 ዶላር ነው። ድንኳን ተክሎ ማደር በአብዛኛው ቦታ በነጻ ነው። ዛፍ ላይ ስታንድ (የአዳኝ መቀመጫ) ሰቅሎ የሄደ ሰው እንኳ «ይህ ጥግ የኔ ነው» ማለት አይችልም። አንድ ጋሼ ስልክ ደውለው ሲጠይቁት «ጋሼ፣ ምንም አያስቡ፣ ዞኑን እኛ ነን የያዝነው» ብሎ መልሶላቸዋል። የያዘው ዞን የለም።

ከከፈሉት ሰዎች አንዱ «ኮንፈርሜሽን» የተባለውን ወረቀት በስልኩ አሳይቶኛል። ከላይ የጥድ ዛፍ ያለበት አርማ፣ ከሥሩ «ሪዘርቭድ ዞን 4» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ከስልክ ላይ በስክሪንሾት የተነሳ ካርታ፣ በካርታው ላይ በጣት የተሳለ ቀይ ክብ። ክቡ ከማሳኑተን ተራራ ይነሳና የሉሬይን ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኗ ከነገበያዋ ውጦ፣ በምሥራቅ በኩል ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ይገባል። ናሽናል ፓርኩ ውስጥ አደን ፈጽሞ ክልክል ነው። ናሽናል ፎረስትና ናሽናል ፓርክ የተለያዩ መሆናቸውን የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ መሪያችሁ የሚሆነው። ወይም ያውቃል፣ ግን ግድ የለውም። የፈቃድ ቁጥር፣ የጋይድ ፐርሚት ቁጥር፣ አድራሻ የሚባል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

የጋይድ ፐርሚት ያልኩት ዋና ነገር ነው። በናሽናል ፎረስት መሬት ላይ ገንዘብ እየተቀበለ ሰው የሚመራ ማንም ቢሆን ደኑን ከሚያስተዳድረው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ከፎረስት ሰርቪስ፣ ልዩ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ማጣራቱ ከባድ አይደለም፤ ማሳኑተን አካባቢ ከሆነ ኤድንበርግ ያለው የሊ ሬንጀር ዲስትሪክት፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ሀሪሰንበርግ ያለው የኖርዝ ሪቨር ቢሮ ደውላችሁ «ይህ ሰው ፈቃድ አለው ወይ?» ብትሏቸው ይነግሯችኋል። ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «ወንድሜ፣ በሐበሻ ደንብ እንተማመን» ነው የሚለው።

«ጋራንቲ» ወደምትለዋ ልምጣ። ያን ጫካ የሚያውቅ ሰው ይህችን ቃል አይናገራትም። ተራራው አብዛኛው ያረጀ ኦክ ነው። ዛፉ ከላይ ገጥሞ ፀሐይ መሬት አይነካም፤ ፀሐይ ካልነካ ደግሞ አጋዘን የሚቀነጥበው ለጋ ቅጠል አይበቅልም። የዛፍ ቆረጣው እየቀነሰ ጫካው እያረጀ በመሄዱ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በናሽናል ፎረስት መሬት ላይ የሚታደነው አጋዘን በጣም ወርዷል፤ ይህን የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ራሱ ይናገራል። አጋዘኑ ያለው ታች ሸለቆው ውስጥ፣ በገበሬው እርሻና በየሰው ጓሮ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ የምትኖሩ በየማለዳው አበባችሁን ሲበላ ታዩት የለም?

ቁጥቋጦውን ደግሞ አስቡት። ማውንቴን ላውረልና ሮዶደንድረን የሚባሉት ክረምት ከበጋ ቅጠላቸው አይረግፍም። ግንዳቸው ጠማማ ነው፣ ቅርንጫፋቸው እርስ በርሱ ተቆላልፎ ገደሉን ይሸፍነዋል። ሰው ጎንበስ ብሎም አያልፍም፤ ጠመንጃው ይያዝበታል፣ ኮፍያው ይወልቅበታል፣ ደረቅ ቅጠሉ ከሥር እየተንኮሻኮሸ ከአንድ ኮረብታ ወዲያ ላለው ሁሉ መምጣቱን ይናገርበታል። አጋዘኑ አሥር እርምጃ ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ተነስቶ ሲሮጥ የምታዩት የጭራውን ነጭ ብቻ ነው፤ እሷም ከመጥፋቷ በፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ናት። ድቡ ይብሳል። የኦክ ፍሬ በበዛበት ዓመት ካለበት ሳይነቃነቅ ይጠግባል፤ ፍሬው በጠፋበት ዓመት ደግሞ ተራራ ለተራራ ይዞራል። እዚያ ውስጥ በሦስት ቀን ድብም አጋዘንም በዋስትና መሸጥ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ላሟን ከሰማይ ማውረጃው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ወንጀል ነው። በቆሎ በከረጢት፣ ዶናት በበርሜል እያፈሰሰ እንስሳውን ያለምዳል ማለት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ድብን መመገብ ዓመቱን ሙሉ የተከለከለ ነው፤ አጋዘንንም በአደን ወቅት መመገብ ክልክል ነው፤ መኖ በተደፋበት ቦታ ላይ ማደንም እንደዚሁ። የዱር እንስሳት ፖሊሱ መጥቶ ሲያገኛችሁ በርሜሉን ያፈሰሰው ሰው መኪናው ውስጥ ይሆናል፤ ጠመንጃ ይዛችሁ የተቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ላሲ አክት የሚባለው የ1900 የፌደራል ሕግም አለ፤ በሕገወጥ መንገድ ለሚታደን እንስሳ የመሪነት አገልግሎት በገንዘብ መስጠትና መግዛት በሱ ዘንድ እንስሳውን እንደ መሸጥና እንደ መግዛት ይቆጠራል። ሥጋውን ጭኖ የግዛት ድንበር መሻገርም እዚያው ውስጥ ይገባል።

ማስታወቂያው ላይ «ማንኛውም አጋዘን» ይላል። ይህም ውሸት ነው። በናሽናል ፎረስት መሬት ላይ ቀንድ የሌላት አጋዘን መተኮስ የሚፈቀድባቸው ቀኖች የተገደቡ ናቸው፤ የድብና የአጋዘን የጠመንጃ ወቅትም በየካውንቲው ይለያያል፣ አንዱ ተከፍቶ ሌላው ዝግ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግልገል ያላትን ድብ፣ ወይም በቁሙ 100 ፓውንድ የማይሞላን ድብ መግደልም ክልክል ነው። ጀማሪ ሰው ዛፍ ላይ ሆኖ ይህን በዓይኑ ሊለካው አይችልም። መሪው ነበር ሊለይለት የሚገባው፤ መሪው ግን ዞን 4ን ከሉሬይ ገበያ ያልለየው ሰውዬ ነው።

አሁን «ላይሰንስ ተካቷል» የሚለውን ልብ በሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የአደን ፈቃድ በስም ነው። ለቨርጂኒያ ነዋሪ መሠረታዊው ፈቃድ፣ የአጋዘኑ፣ የድቡና የናሽናል ፎረስቱ ተደምሮ 70 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ከሜሪላንድ ወይም ከዲሲ ለሚመጣ ከ350 ዶላር ትንሽ ያልፋል። ዋጋው ስለሚከለስ ስትገዙ እዩት። በስልካችሁ በራሳችሁ ስም ጎ አውትዶርስ ቨርጂኒያ በሚባለው የግዛቱ የፈቃድ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ትገዙታላችሁ፣ አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድን ሰው የአዳኞች ትምህርት ወስዶ ማለፍ አለበት፤ ያን ያልወሰደ ደግሞ ፈቃድ ካለው አዋቂ ጋር ብቻ የሚወጣበት የተለማማጅ ፈቃድ አለ። ሰውየው «እኔ አወጣላችኋለሁ» ብሎ የትውልድ ቀናችሁንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን የሚጠይቀው ለምንድነው? ለፈቃድ ማመልከቻ ቁጥሩ በእርግጥ ይጠየቃል፤ ተንኮሉ የሚሸሸገውም እዚያ ላይ ነው። የሚጠይቃችሁ ግን የመንግሥት ሲስተም እንጂ በቴሌግራም ያገኛችሁት ሰው አይደለም።

በቪዛ ያላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በፌደራል ሕግ ተከልክሏል። ካሉት ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አንዱ በስሙ የወጣ፣ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። እንግዲህ ያ ሰው የሰጣችሁ ፈቃድ የሐሰት ቢሆን፣ ወይም የሌላ ሰው ፈቃድና ታግ (የታደነው እንስሳ የሚመዘገብበት ወረቀት) ቢሆን፣ ነገሩ ከአደን ቅጣት ያልፋል፤ ኢሚግሬሽን ፊት የሚነበብ የጦር መሣሪያ ወንጀል ይሆናል። «ጠመንጃው የኔ አይደለም፣ አውሶኝ ነው» ማለት አያድንም፤ መያዙ በቂ ነው። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ ጠመንጃ በእጃችሁ አትንኩ።

ቅርጫውን በተመለከተ፦ የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው። በነጻ መስጠት ይቻላል፤ ብዙ አዳኝ ጎረቤቱን «እግሩን ውሰድ» ይላል፣ ለችግረኛ የሚለግስም አለ። 120 ዶላር ከፍላችሁ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ሲመጣላችሁ ግን ገዢ ሆናችኋል። አንድ ቤት ያየሁት ሥጋ ከነጠጉሩ ነበር፤ ጥይቱ ሆዱን በስቶት ፈርሱ እጭኑ ድረስ ወርዷል። ባለቤቲቱ ለክትፎ ነበር ያሰቡት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የአጋዘን አንጎል የሚያመነምነው በሽታ ተገኝቷል፤ በዚህ የተነሳ በሽታው ከተገኘበት አካባቢ ሙሉ ሬሳ ማውጣትና ወደ ሜሪላንድ ማስገባት ተገድቧል፣ የሚፈቀደው ከአጥንት የተለየ ሥጋ ነው። በሽታው ወደ ሰው ስለመተላለፉ የተረጋገጠ ነገር ባይኖርም የጤና ባለሥልጣናቱ የታመመ አጋዘን አትብሉ ይላሉ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ግን በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ይገባል።

ድብ የኛ ሰው፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ ማዕዱ ላይ አያቀርብም፤ ታዲያ ለምን 1,850 ዶላር እንደሚከፍልበት ሳስበው ይገርመኛል። ፎቶ ይሆናል። የሚበላ ካለ ግን ይወቅ፦ የድብ ሥጋ ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሊይዝ ይችላል፣ በፍሪዘር መቆየት ላይገድለው ይችላል፤ እስከ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መሀሉ ድረስ መብሰል አለበት። ለብ ለብ የሚባል ነገር የለም።

ዋጋው ለምን እንዳላስደነገጠ ይገባኛል። አገር ቤት የደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ አገር ሰው በብዙ ሺ ዶላር ሲከፍል ሰምተን አድገናል፤ አደን የሀብታም ነገር ነው የሚል ሐሳብ አለን። እዚህ ግን በሕዝብ መሬት ላይ የፋብሪካ ሠራተኛው ከልጁ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ፒካፑን አቁሞ ይገባል።

ሁሉም ጋይድ ሌባ ነው አልልም። በግል እርሻ ላይ በሕግ የሚሠሩ አሉ። እነሱ የገበሬውን የጽሑፍ ፈቃድ ያሳያሉ፣ ላይሰንሱን ራሳችሁ እንድትገዙ ይነግሯችኋል፣ በክሬዲት ካርድ ይቀበላሉ፣ ብርቱካናማ ቬስት ሳትለብሱ ከመኪና አያስወርዷችሁም። እንስሳም ቃል አይገቡም።

ከፍላችሁ ከሆነ መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ከግሩፑም ቶሎ አትውጡ፤ ስክሪንሾት አንሱ። በካርድ ከሆነ ባንኩ ጋ ዛሬውኑ ክርክር ክፈቱ። በዜል ከሆነ ራሳችሁ ፈቅዳችሁ የላካችሁት ስለሚባል የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም አመልክቱ። ለፌደራል ትሬድ ኮሚሽንና ለግዛታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል፣ ስለ በርሜሉና ስለ ሥጋው ደግሞ ለቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አሳውቁ። አደኑ ገና ካልደረሰ አትሂዱ፤ ግማሹን ከፍያለሁና ልጨርሰው አትበሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሰጥታችሁ ከሆነ የክሬዲት መዝገብ የሚይዙት ኤኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ጋ ክሬዲታችሁን አስቆልፉ፤ በነጻ ነው፣ ሦስቱም ጋ ለየብቻ ነው የሚደረገው።