ሳይኮፓይ ከሰባት ወር በኋላ፦ መብራት ሲጠፋ የሚረዝመው 200 ሚሊ ሰከንድ

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ አይጠፋም፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሳይኮፓይን፣ ማለትም የሥነ ልቦና ሙከራ በኮምፒውተር የሚሠራበትን ነፃ ሶፍትዌር፣ እንደ ደብረ ብርሃን መብራት በሚመላለስበት ከተማ ሰባት ወር የሠራበት ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው፦ «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ተጽፎ ለ200 ሚሊ ሰከንድ ብቅ ይላል፤ ተፈታኙ የቀለሙን ቁልፍ ይጫናል። በ60 ኸርዝ ስክሪን፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ በሚያድስ፣ ይህ 12 ፍሬም (12 እድሳት) ነው። ቻርጀሩ መብራት ሲያጣ ግን አንዳንድ ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ ስክሪኑን ወደ 48 ኸርዝ ያወርዱታል፤ የቃሉ ቆይታ በፍሬም ቁጥር ከተሰጠ ያው 12 ፍሬም 250 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ በዓይንም አይያዝም። ቢልደር (ሙከራው የሚገነባበት የሳይኮፓይ ክፍል) የስክሪኑን ፍጥነት የሚለካው ሲጀምር አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ዳታው ላይ እስከ መጨረሻው ረድፍ 60 ተብሎ ይቀመጣል። የተበላሸው ረድፍ ከደህናው አይለይም!

መፍትሔው ኮድ ኮምፖነንት ውስጥ ነው፤ ቢልደር ላይ የራስን ኮድ የሚያስገቡበት ሳጥን ነው። «ቢጊን ኤክስፐሪመንት» (ሙከራው ሲጀምር) በሚለው ላይ የፍሬም ክፍተት፣ ማለትም ከአንድ ፍሬም እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ፣ እንዲመዘገብ ማብራት፤ «ኢንድ ሩቲን» (እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ) በሚለው ላይ የመጨረሻዎቹን 12 ክፍተቶች ሚዲያን (መካከለኛ ዋጋ) በየሙከራው ረድፍ ማስጻፍ። 0.0167 ሰከንድ ከሆነ ደህና ነው፤ 0.0208 ከሆነ ያ ረድፍ ይጣላል። ከዚያ በፊት ግን የግራፊክስ ካርዱን ሴቲንግ ከፍቶ በባትሪ ጊዜ ፍጥነት የሚቀንሰውን ምርጫ ማጥፋት ይቀድማል።

ፈቃድ የሚሸጡት «ነፃ ሶፍትዌር ለጥናት አይታመንም» ይላሉ። እኔ የማምነው ውስጡን ከፍቼ የምለካውን ነው፤ ይሄ ደግሞ ማንንም ሳላስፈቅድ በሁለት መስመር አስለካኝ። ዛሬም ብመርጥ እሱኑ ነው።

የአማርኛው ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኒያላ መቀየር ነው። የቃላቱ ዝርዝር በኤክሴል ፋይልነቱ ይቆይ፤ ተራ ሲኤስቪ ተደርጎ ሲቀመጥ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

በዴስክቶፕ የሚሠራ ሰው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዛ፤ ሞኒተሩንም እዚያው ላይ ይሰካ። ቢልደር የውጤቱን ሰንጠረዥ የሚጽፈው ሙከራው ሲያልቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ መሀል ላይ ድንገት ከጠፋ የዚያ ተፈታኝ ሰንጠረዥ አይገኝም።