«በርሊን አሌክሳንደርፕላትስ»፦ ከከዚራ የተገዛ መጽሐፍ ግምገማ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ከሚገኝ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የገዛሁት የጀርመናዊው ደራሲ የአልፍሬድ ዶብሊን ልብ ወለድ፣ በማይክል ሆፍማን ተተርጉሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው። ሻጩ «የወንጀል ታሪክ ነው» ሲል አልዋሸም፤ ሆኖም በዚያ ተስፋ ብቻ የሚገዛው ሰው ከሁለተኛው ክፍል ማለፉን እጠራጠራለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ፍራንስ ቢበርኮፕፍ ከቴገል ወህኒ ቤት ተፈትቶ በ41 ቁጥር ትራም ወደ በርሊን ይመለሳል፣ ጨዋ ሆኖ ለመኖር ይምላል፣ ከተማው ግን አያስኖረውም። መጽሐፉ በ1929 እ.ኤ.አ. ሲታተም ደራሲው በዚያው ከተማ የሚሠራ የነርቭ ሐኪም ነበር። መጽሐፉን ልዩ የሚያደርገው ሞንታዡ፣ ማለትም የተለያዩ ጽሑፎችን ቆራርጦ የማገጣጠም ዘዴው ነው፦ የአየር ሁኔታ ዘገባ፣ ማስታወቂያ፣ የዘፈን ስንኝና የጋዜጣ ወሬ ያለ ማስጠንቀቂያ ትረካው ውስጥ ይገባሉ። በአሸዋ ገበያ ሲያልፍ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው በግማሽ በግማሽ ጆሮው የሚገባ የድሬዳዋ ሰው ይህ ብዙም አይደንቀው ይሆናል።

ዘዴው ጌጥ አለመሆኑን ያሳመነኝ፣ ቢበርኮፕፍ ፍቅረኛውን ኢዳን በትንሽ የእንጨት ክሬም መምቻ መትቶ ለሞት እንዴት እንዳበቃት የሚተረክበት ቦታ ነው። ደራሲው ሙሾ ከማውረድ ይልቅ የኒውተንን የእንቅስቃሴ ሕግ ከነቀመሩ ያስገባል፤ ያ ቀዝቃዛ ቀመር ከየትኛውም የጸጸት ንግግር ይልቅ ያስደነግጣል። በአራተኛው ክፍልም የከተማው ቄራ ከነመረጃው በዝርዝር ሲቀርብ፣ በመካከሉ ከኢዮብ ጋር የሚደረግ ንግግር ይሰማል። መጽሐፈ ኢዮብን ከልጅነቱ የሰማ የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ማስታወሻ አያስፈልገውም።

የዘመኑ ዘፈኖችና የፖለቲካ ክርክሮች ግን ለእኛ ባዳ ስለሆኑ አንዳንዱ ቀልድ ያመልጣል፤ በመሃሉ የተወሰኑ ገጾችም ያሰለቻሉ። ትርጉሙ የበርሊንን የሠፈር አነጋገር በብሪታንያ የሠፈር እንግሊዝኛ ስለሚተካ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ይቸገራል። የእኔ ቅጂ ጥራዙ ላልቶ ስለነበር፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ገጾቹን ይቁጠር። ለመግዛት የሚያመነታም ከመደብሩ ሳይወጣ የሁለተኛውን ክፍል መግቢያ ያንብብ፤ ንግድ፣ ጽዳት፣ ጤና፣ ጋዝና እሳት አደጋ እያሉ የተደረደሩት የከተማው ምልክቶች ካሰለቹት ገንዘቡን ለሌላ መጽሐፍ ያውል።