ሐረር ላይ መማር ወይስ በመከላከያ ስፖንሰርነት ሐኪም መሆን?

ሐረር ላለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሲቪሉ መንገድ ቅርብ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው በሕይወት ፋና ሆስፒታል ከታካሚ አልጋ አጠገብ ይማራሉ። ድሬዳዋም በዩኒቨርሲቲዋ ሕክምና ታስተምራለች። በሠራዊቱ ወጪ ሕክምና የሚማሩበት የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ግን ቢሾፍቱ ነው።

በትምህርት በኩል ብዙም አይራራቁም። ሁለቱም የተፈጥሮ ሳይንስ መሠረትና ጥሩ የብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፈልጋሉ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ የደከመ ተማሪ በየትኛውም በኩል ይቸገራል። የውትድርናው መንገድ የጤና ምርመራ፣ የአካል ብቃትና ወታደራዊ ሥልጠና ይጨምርበታል።

ትልቁ ልዩነት ከምረቃ በኋላ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ይህም ከትምህርቱ ወጪ ድርሻውን ኋላ ለመክፈል የሚገባው ውል ነው፤ ዕዳው በገንዘብ ይሰላል። በሠራዊቱ ወጪ የተማረው ግን ዕዳውን በአገልግሎት ይከፍላል፤ የሚሠራበትንም ቦታ የሚወስነው አለቃው ነው። ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ይህ እውነተኛ ዕድል ነው፤ የቆሰለ ወታደር ማከምም ክብር ያለው ሥራ ነው። ሆኖም ኪስ ስለሳሳ ብቻ ባይገባበት እመርጣለሁ። ወላጆች ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ውሉን ያንብቡ፤ በተለይ የአገልግሎቱን ዘመን፣ የስፔሻሊቲ ትምህርት የሚፈቀድበትን ጊዜና ትምህርቱ ቢቋረጥ የሚከተለውን ግዴታ።